የቴኒስ ሜዳ ላይ ፒክልቦል፦ ቀለሙን ተዪው፣ መረቡን ያዢ

እህቴ፣ «አራት ኪሎ አካባቢ ፓርክ ውስጥ አንዲት የቴኒስ ሜዳ አለች፤ እኛ ስምንት ሆነን ፒክልቦል መጫወት እንፈልጋለን፣ ቴኒሰኞቹ ግን ያኮርፉናል፤ የራሳችንን መስመር በቀለም ብናሰምርስ?» ብለሽ ለጠየቅሽው። (ለማያውቀው፣ ፒክልቦል ማለት ባለቀዳዳ ፕላስቲክ ኳስ በፓድል፣ ማለትም ገመድ በሌለው ጠፍጣፋ መምቻ፣ በመረብ ላይ የሚመታበት ጨዋታ ነው።)

አታሰምሩ። ውዱ ስህተት ይሄ ነው። ከቀለም ቤት አንድ ጋሎን የዘይት ቀለም ይገዛል፣ በብሩሽ ይሰመራል፣ ሁለት ሳምንት ያምራል። አክሬሊክስ የተቀባ ሜዳ ላይ የዘይት ቀለም ከሥር የሚመጣውን እርጥበት ያፍናል። ክረምት ሲገባ ያብጣል፣ ይላጣል፤ ሲላጥ ደግሞ የሜዳውን ቀለም ይዞ ነው የሚነሳው። እንደ ሜዳው ቀለም አሸዋ ስለሌለበት ጠዋት በጤዛ ያንሸራትታል፣ ቴኒሰኛው ወደ መረብ ሮጦ ሲያቆም የሚረግጠው እሱን ነው። የተላጠውን ብቻ መጠገን አይቻልም፤ አዲሱ ቀለም ፀሐይ ካነጣው ጋር ስለማይመሳሰል ቢያንስ የሜዳው ግማሽ እንደገና ይቀባል። ሂሳቡ ወደ ማን እንደሚመጣ አንቺው ገምቺ።

1. ሜዳው ቀይ አፈር ከሆነ የቀረውን አታንብቢ። ባለቀዳዳው ፕላስቲክ ኳስ አፈር ላይ በወጉ አይነጥርም፤ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

2. ሲሚንቶ ወይም አክሬሊክስ ከሆነ ጠመኔ፣ ሲባጎና ሜትር ይበቃል። የፒክልቦል ሜዳ ለነጠላም ለጥንድም 6.10 በ13.41 ሜትር ነው። የቴኒሱ ስፋት ከነጥንድ መስመሩ 10.97 ስለሆነ በአንድ መረብ ላይ ሁለት ጎን ለጎን አይገባም፤ አንዱን መሀል ላይ አድርጉት። የቴኒሱ የመሀል መስመር እንዳለ የእናንተም የመሀል መስመር ይሆናል። ከሱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ 3.05 ሜትር የጎን መስመር ነው። የቴኒስ የሰርቭ መስመር ከመረቡ 6.40 ላይ ነው ያለው፣ የእናንተ የኋላ መስመር 6.71 ላይ፤ ማለት ከነጩ መስመር አንድ ስንዝር ከምናምን ወደ ኋላ። ከመረቡ 2.13 ላይ «ኪችን» የሚባለውን፣ ኳስ ሳይነጥር መምታት የሚከለከልበትን ክልል ዝጉ። ማዕዘኑ መቶ በመቶ ቀጥ ማለቱን ለማወቅ በአንድ ወገን ከመረቡ ጥግ እስከ ተቃራኒው የኋላ ጥግ ሲባጎ ወጥሩ፤ 9.06 ሜትር ካልሆነ የሆነ ቦታ ጠሟል።

የመስመሩ ጠቅላላ ርዝመት 60 ሜትር ገደማ ነው፤ የመሀሉን ከቴኒሱ ስለተዋሳችሁ ወደ 51 ይወርዳል። ቢጫ ጠመኔ ተጠቀሙ፣ ነጭ ሆኖ ከቴኒሱ ጋር እንዳይምታታ። ነጩን መስመር ልታቋርጡ አራት ጣት ሲቀር አቁሙና ከወዲያ ማዶ ቀጥሉ፤ ቴኒሰኛ ዓይኑን የሚይዘው መስመሩ ካልተቆረጠበት አያጉረመርምም። የወረቀት ስኮችም ይሆናል፣ ግን በዚያው ቀን ይነሳ። ፀሐይ ላይ ከዋለ ሙጫው ይጋገርና ሲላጥ ቀለም ይዞ ይመጣል።

3. መረቡ። ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የቴኒስ መረብ መሀሉ 91.4 ሳንቲም፣ ምሰሶው ጋ 107 ነው። የፒክልቦሉ መሀሉ 86.4፣ ዳር ዳሩ 91.4። መሀል ላይ ያለው ልዩነት አምስት ሳንቲም ብቻ ነው፤ ይህችን አምስት ሳንቲም ፍለጋ ግን ሰው ምሰሶው ላይ ያለውን እጀታ እያዞረ ሽቦውን ያላላል። መረቡ ዳር ዳሩ ይረግባል፣ በየቀኑ ሲላላና ሲጠብቅ የእጀታው ጥርስ ይበላል፣ አንድ ቀን መጥበቅ እምቢ ይላል። እጀታውን ተዉት። መሀል ላይ መሬት ካለው ቀለበት ጋር የታሰረውን ነጩን ቀበቶ ሳቡት፤ እሱ ለዚህ የተሠራ ነው። ቀበቶው በጣም ከጠነከረ እጀታውን ግማሽ ዙር ብቻ አላሉ፣ ስትወጡ ያንኑ ግማሽ ዙር መልሱ። ቀበቶ የሚባል ነገር ከሌለ በ91.4 ተጫወቱ፣ አትሞቱም።

ለመረቡ መለኪያ 91.4 ሳንቲም ላይ የተቆረጠ እንጨት ያዙና 86.4 ላይ ምልክት አድርጉበት። ቴኒሰኛ አንዱን ራኬት አቁሞ ሌላውን በጭንቅላቱ አጋድሞ ነው መረብ የሚለካ፤ አንድ ቀን ዝቅ ብሎ ካገኘው ዓመቱን ሙሉ ስማችሁ ይነሳል።

ሰዓትን በተመለከተ ለቴኒስ ግማሽ ሰዓት ማለት ማሟሟቂያ ነው፤ በአንድ ሰዓት ተካፈሉ። የእናንተ ጨዋታ በ11 ነጥብ፣ በሁለት ልዩነት የሚያልቅ ስለሆነ ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ጨዋታ ማለት ነው። ስምንት ከሆናችሁ አራት ይጫወታል አራት ያርፋል፣ ፓድላችሁን በተራ ደርድሩ። የጠዋቱን ከ12 እስከ 2 ሰዓት ጠይቁ። ኳሱ ቀላል ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ እየዋለለ ያስቸግራል፤ ቴኒሱን ግን ያን ያህል አይጎዳውም። ለውጪ ሜዳ 40 ቀዳዳ ያለውን ግዙ፣ 26ቱ ለአዳራሽ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ፕላስቲኩ ስለሚሰነጠቅ ተለዋጭ ይዛችሁ ውጡ።

ከማንም በፊት የምታናግሪው አሠልጣኙን ነው። በወረቀት ሜዳው የፓርኩ ነው፣ በተግባር ግን ልጆች እያሠለጠነ የሚኖርበት እሱ ነው፤ ኳስ የሚያቀብሉት ልጆችም ጉርሻቸውን የሚያገኙት ከቴኒሱ ሰዓት ነው። የትኛው ሰዓት ትምህርት እንደሌለው ጠይቂው፣ ያንን ውሰዱ። እናንተም ለኳስ አቀባዮቹ ትንሽ ነገር ስጡ።

ቀጥሎ ጽሕፈት ቤት። «ፒክል ምን?» ይሉሻል፣ ይስቃሉ፣ ነገ ነዪ ይሉሻል፤ ነገ ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ነው። በቃል አታስረጂ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፊ፦ ስንት ሰው፣ የትኛው ቀንና ሰዓት፣ ቀለም እንደማይቀባ፣ መረቡ ወደ 91.4 እንደሚመለስ፣ ኃላፊነት የሚወስዱ የሁለት ሰዎች ስምና ስልክ። የሜዳውን የአሁን ሁኔታ ፎቶ አባሪ አድርጊ፤ አለበለዚያ ድሮ የነበረው ስንጥቅ ሁሉ በእናንተ ይሳበባል። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊና በኮፒሽ ላይ ቀኑን፣ ቁጥሩንና ማኅተሙን ሳትቀበዪ አትውጪ። «ችግር የለውም፣ ተጫወቱ» የሚል ጥበቃ ፈቃድ አይደለም፤ ፈረቃው ሲቀየር የሚመጣው ሌላ ሰው ነው። ማኅተም ያለበትን ኮፒ ላሚኔት አስደርጊውና ከእንጨቱና ከጠመኔው ጋር ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ።