ከባቄላ ሥር እስከ ወይን ሐረግ፦ ስለ አፈራችሁ ላነሣችኋቸው ጥያቄዎች

የዘር ወቅት ሲቃረብ ጥያቄያችሁ ይበዛል። ከሰሜን ሸዋ ደጋም ቆላም የላካችኋቸውን ሳነብ አብዛኞቹ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ሁላችንም የማዳበሪያውን ኩንታል እንቆጥራለን፤ አፈሩ ውስጥ ሆነው ለሰብሉ ምግብ የሚያዘጋጁትን ረቂቅ ህዋሳት ግን እንረሳለን።

ጥያቄ፦ ባቄላዬ ገና ሳያብብ ይገረጣል። ህያው ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር ለውሼ ነበር፤ ለውጥ የለም። የሸጡልኝ የተበላሸ ይሆን? (ከአንጎለላና ጠራ)

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። እሽጉ ውስጥ ያለው ነፍስ ያለው ባክቴሪያ ነው፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሞታል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው አፈርዎን ነው። አፈር ሲኮመጥጥ፣ ማለትም ፒኤች የተባለው የኮምጣጣነት መለኪያ ከ5.5 በታች ሲወርድ፣ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ይጎዳል። ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ባቄላውን የሚመግበው ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያም እንዲህ ባለ አፈር በደንብ አይራባም። ለሥራው የሚፈልገው ሞሊብዲነም እንኳ እንደልብ አይገኝም።

ባቄላው ሲያብብ አንድ ሁለት እግር በአካፋ ቆፍረው ያውጡ። አይንቀሉት፤ ባክቴሪያው የሚኖርባቸው የሥሩ እብጠቶች አፈር ውስጥ ይቀራሉ። ሥሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ እብጠቶች በጥፍርዎ ይሰንጥቁ። ውስጣቸው ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም። ያኔ በልማት ጣቢያ ሠራተኛው በኩል አፈሩን ያስመርምሩ። ኮምጣጣነቱን የሚቀንሰው ኖራ ነው፤ መጠኑ የሚወሰነው በምርመራው ነው፤ እባክዎ ጎረቤት የበተነውን ያህል አይበትኑ። ኖራ ቶሎ አይሟሟም፤ ከዘር አንድ ሁለት ወር ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት። ባቄላው ላይ ዩሪያ አያብዙ። ናይትሮጅኑን ያለ ድካም ካገኘ ባክቴሪያውን አያስጠጋም።

ጥያቄ፦ አባቴ ጓሉን ከምሮ፣ ኩበት ከውስጥ አድርጎ አፈር ያቃጥል ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ዛላው ያስደንቃል። ባለሙያዎች ለምን ይቃወሙታል? (ከደብረ ብርሃን ዙሪያ)

መልስ፦ አባትህ ያዩት እውነት ነው። እሳቱ ታስሮ የነበረውን ፎስፎረስ ይፈታል። አመዱ ኮምጣጣነቱን ይቀንሳል፤ የሚያጣብቀው ሸክላም ይላላል። ገብሱ ይህን ሁሉ በአንድ ክረምት ያገኛል። ጉዳቱ የሚታየው በኋላ ነው። ብስባሹ ይነድዳል፣ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፣ እሳቱ የደረሰባቸው ባክቴሪያና ፈንገሶች ያልቃሉ። ከጥቂት አዝመራ በኋላ መሬቱ ይደክምና ለዓመታት ጦም ያድራል። ድሮ ጦም የሚያድር መሬት ነበረ፤ ህዋሳቱ ቀስ በቀስ ተመልሰው ይራቡ ነበር። ዛሬ ሩብ ሄክታር ለሚያርስ ወጣት ያ ዕረፍት ከየት ይመጣል?

ኩበቱም ያሳስበኛል። ማገዶ በሌለበት ብርዳማ ደጋ ኩበት አታንድዱ ማለት ይከብዳል፤ እናቶቻችን በምን ያብስሉ? ቢያንስ አመዱን አትድፉት። ፖታሲየምና ፎስፎረስ ስላለው ለኮምጣጣ ማሳ ይጠቅማል። ናይትሮጅኑ ግን ምድጃ ውስጥ አልቋል። ስለዚህ ከእበቱ የተወሰነውን እንኳ ለኮምፖስት አስቀሩ።

ጥያቄ፦ መረሬ በተባለው ጥቁር ሸክላ አፈር ላይ ስንዴ ዘርቼ ዩሪያ ብጨምርም ቢጫ ሆነ። (ከሞረትና ጅሩ)

መልስ፦ ውሃው ነው። አፈሩ ውሃ ሲቋጥር አየር ያጣል። ያኔ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፋንታ ናይትሬት በተባለው የናይትሮጅን ዓይነት ይተነፍሳሉ፤ የገዙት ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ይበንናል። መደብና ቦይ አውጥተው ውሃውን ያጠንፍፉ፤ ዩሪያውንም ከፋፍለው ይስጡ።

ጥያቄ፦ ጓሮዬ ያለውን ወይን ሻጋታ እንዳይመታው በየጊዜው ሰማያዊ የመዳብ መድኃኒት እረጫለሁ። አፈሩን ይጎዳል? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ከበዛ አዎ፣ እህቴ። ይህ ዘዴ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳይ፣ ቦርዶ አካባቢ የተጀመረ ነው። መዳብ አይበሰብስም። ከቅጠሉ ታጥቦ የላይኛው አፈር ላይ ይጠራቀማል፤ የአውሮፓ አሮጌ የወይን እርሻዎች ችግር ይህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ7 ዓመት ውስጥ በሄክታር ከ28 ኪሎ መዳብ በላይ እንዳይረጭ ገድቧል። የተጠራቀመ መዳብ የምድር ትልንም ረቂቅ ህዋሳትንም ይጎዳል። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ይብስ ይሟሟል። ወይን ደግሞ ሥሩ ላይ ተጠግቶ ፎስፎረስ የሚያቀብለው ማይኮራይዛ የተባለ ፈንገስ አለው፤ እሱን ማጣት የለብዎትም። ፎስፎረስ ያለው ማዳበሪያ ማብዛትም ይህን ፈንገስ ያርቀዋል። ሐረጉን ገርዘው አየር ያስገቡለት፣ የታመመውን ቅጠል ለቅመው ያቃጥሉ፣ መድኃኒቱን እርጥበት ሲበዛ ብቻ በመጠኑ ይርጩ።

ጥያቄ፦ የገብስ ገለባ ጥሬውን ብቀብርስ? (ከመንዝ)

መልስ፦ ሊዘሩ ሲሉ አይቅበሩ። ህዋሳቱ ገለባውን ለመፍጨት ናይትሮጅን ከአፈሩ ይሻማሉ፤ ሰብሉ ይራባል። ከእርጥብ እበትና ከለምለም ቅጠል ጋር አብስለው ያውጡት።

ጥያቄ፦ ከባቄላ የተረፈኝን ህያው ማዳበሪያ ለሽምብራ ልጠቀምበት? (ከምንጃር ሸንኮራ)

መልስ፦ አይሆንም። ሽምብራ የራሱ ባክቴሪያ አለው፤ የባቄላውን አይቀበልም። ለሽምብራ ተብሎ የተዘጋጀውን ይግዙ፤ ከፀሐይ ሸሽገው ጥላ ሥር ለውሰው ያንኑ ቀን ይዝሩት።