«ዘንድሮ ስንት ይደርሰናል?»

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የጎረቤት ልጆች ቡና ላይ ይይዙኛል። «ጋሼ፣ የትኛውን አክሲዮን ልግዛ?» ይሉኛል። ከ30 ዓመት በላይ የአክሲዮን ማኅበራትን ሂሳብ ስመረምር ስለኖርኩ ነው። የትኛውን እንደምትገዙ አልነግራችሁም። ከመግዛታችሁ በፊት ምን እንደምትጠይቁ ግን ልንገራችሁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ፋብሪካ ነበር። ለአራት ዓመት ሂሳቡን መርምሬያለሁ። እንፋሎት የሚያመነጨው ማሽን፣ ቦይለሩ፣ አርጅቷል። የጥገና ሠራተኞቹ ይቀየር ብለው በየዓመቱ ይጽፋሉ። ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ባለአክሲዮኑ ሆቴል አዳራሽ ይሰበሰባል። ሪፖርቱ ሲነበብ ግማሹ ያንቀላፋል። መድረኩ ሲከፈት ግን ሁሉም ይነቃል፤ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ዘንድሮ ስንት ይደርሰናል?»

አንድ ዓመት ሥራ አስኪያጁ «ትርፉ ለቦይለሩ ይቆይ» አለ። አዳራሹ በጩኸት ተሞላ። የቦርድ ምርጫው በዚያው ቀን ነበር። የቦርዱ አባላት ድምፅ እንዳያጡ ፈሩ፤ አንድም ሰው ከሥራ አስኪያጁ ጎን አልቆመም። ሕግ ከሚያስገድደው መጠባበቂያ፣ ማለትም ከትርፉ ተቀንሶ ከሚቀመጠው ገንዘብ በቀር፣ ትርፉ በሙሉ ይከፋፈል ተባለ። እጅ ወጣ፤ ጸደቀ።

በሦስተኛው ዓመት ቦይለሩ ቆመ። ፋብሪካው ወራት ተዘጋ። መጀመሪያ የተበተኑት የቀን ሠራተኞቹ ናቸው። እኔ የማሽኖቹን ዕድሜ በሪፖርቴ ማብራሪያ ላይ ጽፌው ነበር። ጉባኤው ፊት ቆሜ ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ። ዛሬም ይቆጨኛል።

በእነዚያ ባለአክሲዮኖች ግን አልፈርድም። በንጉሡ ዘመን ብሔራዊ ባንክ ውስጥ አክሲዮን የሚሻሻጥበት መድረክ ነበር። ደርግ በ1967 ድርጅቶቹን ሲወርስ አበቃለት። ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ያህል ገበያ አልነበረንም። አክሲዮንህን መሸጥ ብትፈልግ በሰው በሰው ገዢ ታፈላልጋለህ። ፋብሪካው ውስጥ የቀረው ትርፍ የአክሲዮንህን ዋጋ ከፍ ማድረጉን የሚያሳይህ ቦታ የለም። ኪስህ የሚገባው የትርፍ ድርሻ ብቻ ነው። እና ሰው እሱን ቢጠይቅ ምን ይገርማል?

አሁን ገበያው መጣ። የካፒታል ገበያ አዋጅ በ2013 ወጣ። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ጥር 2017 ተከፈተ፤ አክሲዮኑ እንዲሻሻጥበት መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ፍርሃትም አለኝ። ዋጋ በየቀኑ ሲታይ ሰው በየቀኑ ይሸጣል፣ ይገዛል። ያኔ ሥራ አስኪያጁ የሚያስበው ስለ ቦይለሩ ሳይሆን ስለ ሩብ ዓመት ሪፖርቱ ይሆናል።

ይህን ችግር ሌሎች ቀድመው አይተውታል። አሜሪካ ውስጥ ሎንግ ተርም ስቶክ ኤክስቼንጅ የሚባል ገበያ አለ። በፈረንጆች 2019 ተፈቀደ፤ በ2020 ሥራ ጀመረ። እዚያ የሚመዘገብ ድርጅት ስለ ረጅም ጊዜ ፖሊሲ አውጥቶ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ አለበት። ስኬቱን በዓመታትና በአሥርት ዓመታት እንዴት እንደሚለካ ይጽፋል። የኃላፊዎቹ ክፍያ ከረጅም ጊዜ ውጤት ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ይጽፋል። ቦርዱ ስትራቴጂውን እንዴት እንደሚከታተል፣ ሠራተኛውና አካባቢው ምን ቦታ እንዳላቸውም እንዲሁ። የገቡት ድርጅቶች በጣም ጥቂት ናቸው፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነው እላለሁ።

ብራዚሎች ደግሞ በፈረንጆች 2000 በአክሲዮን ገበያቸው ውስጥ ኖቮ መርካዶ የሚባል ክፍል ከፈቱ። በፈቃድህ ትገባለህ፤ ከገባህ ግን እያንዳንዱ አክሲዮን ድምፅ አለው። የመጀመሪያው ድርጅት እስኪገባ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። በኋላ ግን አዳዲስ ድርጅቶች በብዛት በዚያ በኩል ወደ ገበያ ገቡ። እኛም እንዲህ ያለ ክፍል ቢኖረን እመኛለሁ።

ሕጉ ብቻውን ግን አይበቃም። ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን በ300 ብር ሲሸጥ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ነበር። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በ9,900 ብር በቴሌብር ገዝታችኋል። በጣም ጥሩ። አሁን ባለቤት ናችሁ። የጉባኤ ጥሪ ሲመጣ ውክልናውን ለማታውቁት ሰው ፈርማችሁ አትስጡ። ሂዱ፣ ተቀመጡ፣ ጠይቁ። መጠባበቂያው ለምን ይውላል? የቦርድ አበሉ በምን ይለካል? ዕቃው ስንት ዓመቱ ነው? ሰው ቢያጉረመርምባችሁም ዝም አትበሉ።

ባለፈው ቅዳሜ አንዷ ጎረቤቴ አክሲዮን የገዛችበትን ባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ይዛ መጣች። መጠባበቂያ የሚለውን ገጽ ጫፉን አጥፋ ምልክት አድርጋበታለች። ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ብለን እሱን አነበብን።