የሚያጣራም የሚዘጋም የሲንክ ማፍሰሻ መሥራት፦ ጥያቄና መልስ

የወጥ ቤት ሲንክ መሀል ላይ ያለችው ክብ ዕቃ ሁለት ሥራ አለባት። ውሃው ሲወርድ ፍርፋሪውን ትይዛለች። ሲያስፈልግ ደግሞ ዝቅ ብላ ውሃውን ታቆማለች። እኔ ይህችን ዕቃ ስስል፣ ሞዴል ስሠራላትና ስፈታታት ዓመታት አልፈዋል። «ጥያቄ ያላችሁ አምጡ» ብዬ ነበር፤ ብዙ መጣ። እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

እንዳንደናገር ሦስት ቃል እንስማማ። «ቅርጫት» የምለው ቀዳዳ ያለውን፣ ተነስቶ የሚታጠበውን ክፍል ነው። «መቀመጫ» የምለው ቅርጫቱ ሲወርድ ጎማው የሚያርፍበትን ቦታ ነው። «አንገት» ደግሞ ከመቀመጫው ሥር ወደ ቱቦው የሚወርደው ነው።

ጥያቄ፦ ወንፊቱን ለብቻ፣ ቡሹን ለብቻ ብናደርግስ? ለምን አንድ ላይ እናጨናንቃቸዋለን?

ጥያቄህ ትክክል ነው፤ ሁለቱ ሥራዎች በባሕሪያቸው ይጣላሉ። ወንፊት ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ቡሽ ቀዳዳ አይፈልግም። ወንፊት ቆሻሻ ይሰበስባል፣ ለቡሽ ደግሞ ቆሻሻ ጠላቱ ነው። ለየብቻ ማድረግ ለሠሪው ይቀለዋል። ችግሩ የሚመጣው ተጠቃሚው ላይ ነው። ቡሹን ለመክተት ወንፊቱን ማንሳት አለበት። በዚያች ቅጽበት ወንፊቱ የያዘው ሁሉ ወደ ቱቦው ይወርዳል።

ስለዚህ አንድ ላይ ይሁኑ፣ ግን ቅደም ተከተላቸው ይጠበቅ። መጀመሪያ ይጣራ፣ ከዚያ ይዘጋ። የሚዘጋው ጎማ ከወንፊቱ በታች ይሁን። ውሃው ጎማው ጋ ሲደርስ ትልልቁን ቆሻሻ ላይ ጥሎት መጥቷል ማለት ነው። ጎማውን ከላይ፣ ቅርጫቱ ጠርዝ ላይ የሚያስቀምጡ ንድፎች አይቻለሁ። ያምራሉ። ግን ፍርፋሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያው ጎማው ላይ ነው። ከዚህ በታች የምላችሁ አብዛኛው ነገር ከዚህ ቅደም ተከተል የሚመነጭ ነው።

ጥያቄ፦ ቀዳዳዎቹ ስንት ሚሊ ሜትር ይሁኑ? ስንትስ ያስፈልጋሉ?

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ ብዙ ሰው በግምት የሚያልፈው ይህን ነው።

ከቀዳዳ የሚወጣ ውሃ ፍጥነቱ የሚወሰነው ከላዩ ባለው የውሃ ጥልቀት ነው። ይህን የደረሰበት በ1600ዎቹ የኖረው ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ውሃ ከላይ ካለ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 1.7 ሜትር ገደማ ይሆናል። 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከቀረ ወደ 0.44 ሜትር ይወርዳል።

አሁን ባለ 3 ሚሊ ሜትር 60 ቀዳዳ አለን እንበል። ጠቅላላ ስፋታቸው 424 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ውሃ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ይጠብባል፤ ስለዚህ የሚያልፈው ከስፋቱ 60 በመቶውን ያህል ነው ብለን እናስላ። ቱቦው የሚጨምረውን መሳብ ለጊዜው እንተወው። ሲንኩ ሞልቶ ሳለ በደቂቃ 26 ሊትር ያህል ይወርዳል። በጣም ጥሩ ነው። ውሃው 1 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ግን ከ6 እስከ 7 ሊትር ብቻ ነው። ግማሹ ቀዳዳ በፍርፋሪ ከተደፈነ ደግሞ 3 ሊትር ተኩል አይሞላም። የተከፈተ ቧንቧ ከዚህ የበለጠ ያወርዳል። ውሃው ተመልሶ መጠራቀም ይጀምራል።

ከዚህ የምንማረው አለ። ማፍሰሻን በሞላ ሲንክ አትለኩት። የሚፈተነው ውሃው ሊያልቅ ሲል፣ ወንፊቱም በከፊል ሲደፈን ነው።

እኔ የማደርገው ይህ ነው። የቀዳዳዎቹ ጠቅላላ ስፋት ቢያንስ ከአንገቱ ስፋት ጋር እኩል እንዲሆን አደርጋለሁ። አንገቱ ውስጡ 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 1,257 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በባለ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ 178 ያህል ያስፈልጋል ማለት ነው። ታች ላይ ብቻ አይበቃም፤ ጎኑም ይበሳ። ደግሞም ጎኑ ነው የሚያድነን። ፍርፋሪ መጀመሪያ ታች ይተኛል፣ ውሃው ያኔ በጎን መንገድ ያገኛል።

መጠኑን ከ2 ሚሊ ሜትር በታች አታውርዱት። ትንሽ ቀዳዳ ላይ ውሃ እንደ ስስ ቆዳ ይዘረጋና አልወርድ ይላል። ከ4 በላይ ካወጣችሁት ደግሞ የሩዝ ፍሬ ያለ ምንም ችግር ያልፋል።

ጥያቄ፦ ክብ ቀዳዳ ይሻላል ወይስ ረዘም ያለ ስንጥቅ?

ስንጥቅ ብዙ ውሃ ያሳልፋል። ወርዱ 2፣ ርዝመቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ስንጥቅ፣ ባለ 2 ሚሊ ሜትር ስድስት ክብ ቀዳዳ ያህል ስፋት አለው። ድክመቱ ቀጭንና ረጅም ነገር በቁሙ ያልፍበታል፤ ፀጉርና የቅጠል ክርም ጫፉ ላይ ይጠመጠማል። እኔ ታቹን ክብ፣ ጎኑን ስንጥቅ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የሠራሁት ሞዴል ሲዘጋ ጥሩ ይመስላል። ሌሊቱን ሳሳድረው ግን ጠዋት ሲንኩ ባዶ ነው። ጎማውን ቀየርኩ፣ ያው ነው።

እህቴ፣ ይህ የሁላችንም ጥያቄ ነው። የመጀመሪያ ሞዴሌ ልክ እንዲህ አስቸግሮኛል። ጎማዬ ጠፍጣፋ ነበር፣ መቀመጫውም ጠፍጣፋ። በንጹሕ ውሃ ሲፈተን ጠብታ አይወጣውም። ዕቃ ከታጠበበት በኋላ ግን አያድርም። ለሳምንታት ጎማ ስቀያይር ቆየሁ። ጥፋቱ ግን ጎማው ላይ አልነበረም። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ነገር ጠፍጣፋው ላይ ተኝታ ጎማውን ወደ ላይ ትይዘው ነበር።

መፍትሔው ቅርጹ ላይ ነው። መቀመጫውን እንደ ዘይት መቅጃ ፈነል ወደ ታች የሚጠብ አድርጊው። ጎኑ ከላይ ወደ ታች ከሚወርደው ቁም መስመር ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ዘንበል ይበል። ያኔ ቅንጣት የሚተኛበት ሜዳ አያገኝም፣ ተንሸራቶ ይወርዳል። ጎማውም የሚነካው በሰፊ ገጽ ሳይሆን በቀጭን መስመር ነው። ያው ክብደት ጠባብ መስመር ላይ ሲያርፍ በደንብ ይጫናል። ከ30 ዲግሪ በታች ግን አታቁሚው፤ በጣም ከጠበበ ጎማው ተሰንቅሮ አልነሳም ይላል።

ለመጫን ብርቱ ሞላ አትጨምሪ። ውሃው ራሱ ይጫንልሻል። መቀመጫው 50 ሚሊ ሜትር ወርድ፣ ውሃው 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው፣ ጎማው ላይ 400 ግራም የሚጠጋ ክብደት አለ። ለጣት ቀላል ነው፣ ለስስ ጎማ ደግሞ በቂ ነው። መቀመጫውን 80 ሚሊ ሜትር ብታደርጊው ያው ውሃ 1 ኪሎ ይሆናል። እጁ ሳሙና ለነካ ሰው ያን ማንሳት ያስቸግራል። መቀመጫው ጠበብ ይበል የምለው ለዚህም ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መቀመጫውን በእጅሽ ዳሰስ አድርጊው። የመቁረጫው መስመር ጥፍር ላይ የሚሰማሽ ከሆነ፣ ውሃም በዚያው መስመር መንገድ ያገኛል። አለስልሺው።

ጥያቄ፦ የትኛው ጎማ ይሻላል?

ወጥ ቤት ውስጥ ሦስት ነገር አለ፦ ትኩስ ውሃ፣ ሳሙና እና ቅባት። ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ትኩስ ውሃና ሳሙና ይችላል፤ ቅባት ላይ ግን ያብጣል። ናይትራይል ቅባት ይችላል። ሲሊኮን ሙቀት በደንብ ይችላል፤ ሹል ነገር ሲነካው ግን ቶሎ ይቀደዳል። ለዚህ ሥራ እኔ ናይትራይል እመርጣለሁ። ለስላሳ ይሁን፤ በጎማ ጥንካሬ መለኪያ፣ በሾር ኤ፣ 50 አካባቢ። ከሁሉ በላይ በእጅ የሚወልቅ ይሁን። ጎማ ያረጃል፣ ይደርቃል። በማጣበቂያ ከለጠፋችሁት፣ ጎማው ባረጀ ቀን ሙሉው ዕቃ ይጣላል። ይህ ሁሌ ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ ቅርጫቱ ስንት ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት አለበት?

በግምት አትሥሩት፤ የሚሰላ ነው። ጎማው ሲነሳ በዙሪያው ክፍተት ይፈጠራል። የዚያ ክፍተት ስፋት ከአንገቱ ስፋት ማነስ የለበትም። የአንገቱን ወርድ በራሱ አባዙት፣ ከዚያ ለመቀመጫው ወርድ አራት እጥፍ አካፍሉት። አንገቱ 40፣ መቀመጫው 50 ከሆነ፣ 1,600 ለ200 ሲካፈል 8 ሚሊ ሜትር ይመጣል። መቀመጫው ዘንበል ያለ ስለሆነ ግን ክፍተቱ ይጠብባል፤ ጎኑ 45 ዲግሪ ከሆነ 11፣ 30 ዲግሪ ከሆነ 15 ያህል አድርጉት።

ጥያቄ፦ ከፍ ብሎ እንዲቆም የሚያደርገውስ? ሞላና ኳስ ያለው ዘንግ አለ፣ የሚሽከረከርም አለ።

ሞላና ኳሱ ሲነካ «ቀጭ» ይላል፤ ሰው ይወደዋል። ግን ትንሿን ሞላ ቅባትና ፍርፋሪ ባለበት ውሃ ውስጥ ነው የምታስቀምጣት። ከጊዜ በኋላ ትያዛለች። የፕላስቲክ ጥፍር ያላቸው ዘንጎች ደግሞ ይሰበራሉ። እኔ ወደ ሩብ ዙር ማዞሪያው አደላለሁ። ቅርጫቱን በ90 ዲግሪ ስታዞረው፣ ተዳፋት ላይ ወጥቶ ከፍ ይላል። ስትመልሰው ይወርዳል። ሞላ የለ፣ ኳስ የለ። መያዣው ግን ሁለት ጣት በደንብ የሚይዘው ክንፍ ይኑረው። ለስላሳ ክብ እንቡጥ በሳሙና እጅ አይዞርም።

ጥያቄ፦ በ3ዲ ማተሚያ ልሥራውና ልጠቀምበት?

ልኩን ለመሞከር ግሩም ነው፣ ሥራው። ለመጠቀም ግን ፒኤልኤ የሚባለው የማተሚያ ፕላስቲክ አይሆንም። 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፤ የፈላ ውሃ አንዴ ሲደፋበት ይጣመማል። ፒኢቲጂ የሚባለው ሌላው ፕላስቲክ እስከ 80 ገደማ ይችላል፣ የፈላ ውሃ ግን እሱንም ይበልጠዋል። ደግሞም በንብርብሮቹ መሀል ቅባት ይገባል፣ አይታጠብም፣ ይሸታል።

ጥያቄ፦ ብረቱስ?

304 የሚባለው አይዝጌ ብረት ይበቃል፤ ወደ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል አለበት። በረኪና አዘውትሮ የሚፈስበት ከሆነ ሞሊብዲነም የተጨመረበት 316 ይሻላል። በረኪና 304ን ጥቃቅን አድርጎ ይበሳዋል። አሉሚኒየምን ተዉት፤ ጠንካራ ማጽጃ ይበላዋል።

ጥያቄ፦ በደንብ ከዘጋ ሽታም ያቆማል። ታዲያ ሲፎኑን፣ ከሲንኩ ሥር ያለውን ጠምዛዛ ቱቦ፣ ባወጣውስ?

አይሆንም፣ እባክህ። የአንተ ዕቃ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ክፍት ነው። ሽታውን የሚያግደው ሲፎኑ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ነው። አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል ስኮትላንዳዊ የሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1775 የ«ኤስ» ቅርጽ ያለውን ጠምዛዛ ቱቦ ለመጸዳጃ ቤት የባለቤትነት መብት ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ፣ ከዚህ ቀላልና ከዚህ አስተማማኝ ነገር አልመጣም። እዚያው ይቆይ።

ጥያቄ፦ ዕቃው ቤቴን ያጥለቀልቃል ብዬ እፈራለሁ። ቧንቧ ተከፍቶ ቢረሳስ?

ፍርሃትሽ ልክ ነው። ውሃ የሚያቆም ነገር የሠራ ሰው፣ ውሃው ሲተርፍ የሚሄድበትንም መሥራት አለበት። ሲንኩ ጎን ላይ የትርፍ ውሃ ቀዳዳ ካለው፣ ቱቦውን ከመቀመጫው በታች፣ ከሲፎኑ በላይ አስገቢው። ከመቀመጫው በላይ ካስገባሽው ወደ ሲንኩ ይመልሰዋል። ከሲፎኑ በታች ካስገባሽው ደግሞ ሽታ ያወጣል። ሲንኩ ቀዳዳው ከሌለው፣ መዝጊያ ያለበት ቅርጫት እንዳይሰጠው እመክራለሁ፤ ወንፊት ብቻ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ከታች፣ ዳዶው ጋ ያንጠባጥባል። ባጠበቅኩት ቁጥር ይብሳል።

ዳዶው ሲዞር እዚያው ያለውን የማሸጊያ ጎማ አብሮ እየጠመዘዘው ነው። በሁለቱ መሀል የሚያንሸራትት ስስ የፕላስቲክ ወይም የፋይበር ቀለበት አስገባበት። ዳዶው ቀለበቱ ላይ ይዞራል፣ ጎማው ባለበት ይጨመቃል። የተጠማዘዘውን ጎማ ግን መልሰህ አትጠቀምበት።

ጥያቄ፦ ሥራዬ አለቀ የምለው መቼ ነው?

በንጹሕ ውሃ ሳይሆን በቆሸሸ ውሃ ስትፈትነው። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ሲፎኑን ፈትቼ አንገቱ ሥር ደረቅ ወረቀት ያለበት ኩባያ አስቀምጣለሁ። የውሃውን ከፍታ በመስመር ማየት ያታልላል፤ ሌሊት ትንሽ ይተናል። ወረቀት ግን ወይ ረጥቧል፣ ወይ አልረጠበም። ሲንኩን ሞልቼ አሳድራለሁ። በማግስቱ ውሃው ላይ ደቃቅ አሸዋና ዘይት ጨምሬ መቶ ጊዜ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ከዚያ የፈላ ውሃ እደፋበታለሁ። ከዚያ እንደገና ሞልቼ አሳድራለሁ። በሁለተኛው ጠዋት ወረቀቱ ደረቅ ከሆነ፣ ቅርጫቱን አይቶት ለማያውቅ ሰው ሰጥቼ «ዝጋው» እለዋለሁ፣ ሌላ ምንም አልነግረውም። ካልገባው ወደ ሥዕሉ እመለሳለሁ።