ቅቤ በሻንጣ፣ ፍየል በአውሮፕላን

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች የተመካከሩ ይመስል ስለ አንድ ወረቀት ናቸው፤ የእንስሳት ሐኪም ስለሚፈርመው የጤና ሰርተፊኬት።

«ፍራንክፈርት ላሉት ልጆቼ ቅቤና ቋንጣ ልወስድ ነው። ከሐኪም ወረቀት ባጽፍ ያሳልፉኛል?» (አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ)

አያሳልፉዎትም፣ እናቴ። ከኢትዮጵያ ሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣ ይዞ መግባት በአውሮፓ ኅብረት ክልክል ነው፤ ትንሽ ነው ቢሉም አይሰሙም። ማር ግን እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። እኔም አንዴ እህቴ በሽሮ መሀል የሸሸገችልኝን ጣሳ ይዤ ሄጄ ነበር። ፈታሹ ክዳኑን ከፈት ሲያደርገው ኮሰረቱ አዳራሹን አወደው። ከዚያ ወዲያ ምን ክርክር አለ?

«ሞጆ ካለ ቄራ ጋር ተስማምቼ የፍየል ሥጋ ዱባይ ልልክ ነው። ሰርተፊኬቱን ሥጋው ኤርፖርት ሲደርስ ባስወጣው አይቀልም?»

ወንድሜ፣ እሱ ነገር ዋጋ ያስከፍልሃል። ሰርተፊኬት የምስክር ቃል ነው። ሐኪሙ ፍየሏን በቁሟ አይቷታል። ከታረደች በኋላ ሳንባዋን፣ ጉበቷን፣ ንፍፊቷን መርምሯል። ታሽጎ ኤርፖርት የደረሰውን ሥጋ ምን አየሁ ብሎ ይፈርምበታል? ስለዚህ ከኋላ ጀምር። መጀመሪያ ገዢው አገር የሚጠይቀውን ዝርዝር አስልክ፣ ከዚያ ከቄራው ሐኪም ጋር ቁጭ ብለህ አንብበው፣ ፍየል የምትገዛው ከዚያ በኋላ ነው። የሐላል ማረጋገጫው ራሱን የቻለ ሌላ ወረቀት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

በነገራችን ላይ፣ ላኪዎች የቆላ ፍየል የሚመርጡት የደጋው ሥጋ ቶሎ ስለሚጠቁር ነው። ሰርተፊኬት ጤናማ ነው ይላል እንጂ ያምራል አይልም።

«ይሄን ሁሉ በሬ ይዘን ሥጋችን አውሮፓ የማይገባው ለምንድን ነው? አጥንቱን አውጥተን ብንልክስ?»

ዋናው ችግር አፍተግር ነው፤ የከብቱን አፍና ሰኮና የሚያቆስለው የቫይረስ በሽታ። የአጥንቱ ሐሳብ ግን ቀልድ አይደለም። የታረደው ሥጋ ከ2 ዲግሪ በላይ በሆነ ቅዝቃዜ ቢያንስ 24 ሰዓት ሲቆይ አሲድ ያመነጫል፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ6 በታች ሲወርድ ጡንቻው ውስጥ ያለው ቫይረስ ይሞታል። መቅኔና ንፍፊት ውስጥ ያለው ግን ይተርፋል። አጥንትና ንፍፊት የሚወጣው ለዚህ ነው። ይህ ብቻውን ግን በር አያስከፍትም። በሬው ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተከተበ፣ በአካባቢው በሽታ እንደነበረ መዝገብ ይጠየቃል። እኛ የጎደለን እሱ ነው። ተስፋ የለም ማለቴ ግን አይደለም፤ ከብት ይፈጅ የነበረው የደስታ በሽታ (ሪንደርፔስት) እኮ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ጠፍቷል።

«ማርስ? ንብ ምን ሆና ነው ሐኪም የሚያስፈልጋት?»

ጥያቄው ንቧ ታማለች ወይ ብቻ አይደለም፤ ማሩ ውስጥ የመድኃኒትና የፀረ ተባይ ቅሪት አለ ወይ ነው። ኢትዮጵያ የቅሪት ቁጥጥር ዕቅዷ ተቀባይነት አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ አውሮፓ ማር መላክ ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር ገብታለች። ወረቀቱን ስታስፈርሙ ደግሞ ጥቁር እስክሪብቶ አታቀብሉ። ፊርማው ከታተመው ጽሑፍ የተለየ ቀለም ሊኖረው ይገባል።