ጥያቄ፦ ለሟቹ አጎቴ አርባ የጻፍኩት የሕይወት ታሪክ የሥራ ማመልከቻ መሰለብኝ፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከልደታቸው አትጀምር። «ከአባታቸውና ከእናታቸው ተወለዱ» የሚለው ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ይድረስ። አርባቸው ላይ የሚቀመጠው የከተማው ሰው አጎትህን የሚያውቃቸው በሬዲዮ ድምፃቸው ነው። ጠዋት በስንት ሰዓት፣ በምን ቃል ነበር ዝግጅቱን የሚከፍቱት? በዚያ ጀምር። ስለ ጠፋች ላም ሲያስነግሩ ቀለሟን ሁለት ጊዜ ይደግሙ ነበር ብለሃል፤ ታዲያ ላሚቱን ከጽሑፉ ለምን አወጣሃት? ከዲፕሎማቸው እሷ ትበልጣለች።

ስለ በጎ ፈቃድ ሥራቸው «ከፍተኛ አስተዋጽኦ አበርክተዋል» አትበል። የእድሩ ጸሐፊ ከነበሩ ቃለ ጉባኤው በእጃቸው ጽሑፍ አለ። ጠይቅና አንድ ነገር አውጣ፤ ለምሳሌ ለማን ቤት ቆርቆሮ እንዳሰባሰቡ።

ዓመቶቹን ግን አጣራ። እኔ ለጎረቤቴ ስጽፍ የቅጥር ደብዳቤው ላይ የነበረውን የአውሮፓ ዓመት እንዳለ ገለበጥኩት። ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነውና ሰውየው ጡረታ ከወጡ በኋላ የተቀጠሩ ሆኑ። ጽሑፉ ሲነበብ ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ እስካሁን ያሳፍረኛል።

«በ1990 ዓ.ም. በማኅበረሰብ ሬዲዮ ጀመሩ» ያልከውም ያጠራጥራል። ለማኅበረሰብ ሬዲዮ በር የከፈተው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው። ምናልባት ቀድሞ በትምህርት በሬዲዮ ጣቢያ ሠርተው ይሆናል። አብረዋቸው የሠሩትን ሳትጠይቅ ወደ ማተሚያ ቤት አትሂድ።