ከከተማ ዳር ለምንኖር፦ ስለ ሲም ራውተር የጠየቃችሁኝ

ባለፈው እሁድ ከዕድር ስብሰባ ስንወጣ አንድ ጎረቤቴ «ያንተ ቤት ኢንተርኔት እንዴት ነው የማይቆራረጠው?» አለኝ። በሲም ራውተር ነው የምጠቀመው አልኩት፤ እንደ ስልክ ሲም ይገባበታል፣ የሞባይሉን ኢንተርኔት በዋይፋይ ለቤቱ ያከፋፍላል። ቆመን ስናወራ ሌሎችም ተሰበሰቡ፣ ጥያቄው በዛ። «በጽሑፍ ላኩልኝ፣ አንድ ላይ እመልሳለሁ» ብዬ ተለያየን። ከኮዬ ፈጬ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከቱሉ ዲምቱ፣ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታና ከቡራዩም መጣልኝ። እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ ኮምፒውተር ጥገና ነው፣ ለጎረቤትም ለዘመድም ብዙ ራውተር ገጥሜያለሁ። ወደ ጥያቄዎቹ ልግባ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ የስልክ ፓኬጅ የሞላሁበትን ሲም አውጥቼ ራውተር ውስጥ ብከተው ይሠራል? ወይስ ለራውተር የተለየ ሲም መግዛት አለብኝ?

ይሠራል ወንድሜ። ራውተሩም ለኔትወርኩ እንደ አንድ ስልክ ነው። ሲሙን ከተህ ስታበራው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይይዛል። ካልያዘ የራውተሩን ገጽ፣ ማለትም በስልክህ ማሰሻ የሚከፈተውን ማስተካከያ፣ ክፈትና ኤፒኤን (ሲሙ ወደ ኢንተርኔት የሚገባበት ስም) የሚለውን ቦታ እይ። ለኢትዮ ቴሌኮም ሲም «etc.com» ብለህ ትሞላለህ። አንዳንድ ፓኬጅ በምን ዓይነት መሣሪያ እንደምትጠቀምበት ገደብ ሊኖረው ስለሚችል ከመግዛትህ በፊት ዝርዝሩን አንብብ።

ከዚህ የባሰ የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው። ሲሙ ራውተር ውስጥ ከገባ በኋላ ጥሪ አይደርስህም። አጭር መልእክቱም የሚገባው ራውተሩ ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ የቴሌብርና የባንክ ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣበትን ሲም በፍጹም እዚያ አትክተት። አንድ ጎረቤቴ ይህን ሳያስብ ሱቅ ገብቶ ሊከፍል ሲል ኮዱ ቤቱ፣ ራውተሩ ውስጥ ተቀመጠበት። ዕቃውን ትቶ ተመለሰ። ለራውተሩ ሌላ ሲም አውጣ፣ በራስህ ስም ይመዝገብ፣ ቁጥሩን ጻፍና ራውተሩ ጀርባ ላይ ለጥፈው። ፓኬጁን ከስልክህ በቴሌብር ለዚያ ቁጥር መግዛት ትችላለህ። ዋጋው ስለሚቀያየር በየጊዜው በ*999# ወይም ሳፋሪኮም ከሆነ በ*777# ገብተህ አወዳድር።

አንድ ልጨምር። ሲሙ ላይ ትርፍ ካርድ አታስቀምጥ። ፓኬጁ ሌሊት ካለቀ ራውተሩ አይተኛም፤ ዋናውን ሒሳብ እየበላ ያድራል።

ከለገጣፎ፦ ኢትዮ ቴሌኮም ይሻላል ወይስ ሳፋሪኮም? ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የሚነግረኝ። ቤታችን ጣሪያውም የግድግዳው ግማሽም ቆርቆሮ ነው።

እህቴ፣ ሁሉም እውነቱን ነው። እያንዳንዱ የሚነግርሽ ስለ ራሱ ቤት ነው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ምርጫ አለን። ግን ካራ ላይ የሚበረው ለገጣፎ ላይ ሊያዘግም ይችላል። አንድ ብሎክ አልፎ እንኳ ይለያል። ስለዚህ ራውተር ሳትገዢ፣ ፓኬጅ ሳትሞዪ፣ በስልክሽ ለኪ። የሁለቱንም ሲም ከሰው ተዋሺ። ጠዋት አንዴ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አንዴ ሞክሪ። የምሽቱ ነው ዋናው።

ስልኩ ላይ የሚታዩትን ዘንጎች አትመኚያቸው። አንድሮይድ ስልክ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚለው ጋ ገብተሽ የሲም ሁኔታን ክፈቺ። የሲግናል ጥንካሬ የሚል ቁጥር አለ፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለበት። ለ4ጂ 80 አካባቢ በጣም ጥሩ ነው። 100 ያሠራል። 110 ካለፈ ይጎተታል። 120 ከደረሰ ተስፋ የለውም። የመቀነስ ምልክቱን ትተሽ ስታዪው ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጥሩ ማለት ነው፣ ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል።

ከዚያ ቦታ ፈልጊ። የኔን ልንገርሽ። ቤታችን 3ኛ ፎቅ ነው። መጀመሪያ ራውተሩን ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጥኩት። ሶኬቱ እዚያ ስለሆነ ብቻ። ቁጥሩ 113 ነበር። ቪዲዮ ይከፈታል፣ ይቆማል፣ ይሽከረከራል። አንድ ቅዳሜ ገመዱ ረጅም የሆነ ዲቫይደር ተውሼ ራውተሩን እንደያዝኩ ቤቱን ዞርኩ። መኝታ ቤት 109። በረንዳው በር ጋ 101። ወጥ ቤት መስኮቱ ላይ፣ ባለቤቴ የቅመም ብልቃጥ የምትደረድርበት ጠርዝ ላይ፣ 97። ብልቃጦቹ ተነሡ፣ ራውተሩ ገባ። እስካሁን እዚያው ነው። ከ113 ወደ 97 መምጣት ትንሽ ይመስላል። ግን በዚህ መለኪያ 10 መሻሻል ማለት ኃይሉ 10 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የ16 ልዩነት 40 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ያወጣሁት ገንዘብ አልነበረም።

ያንቺ ቤት ቆርቆሮ መሆኑ ይከብዳል። ብረት ሞገድ ይመልሳል። ጭቃ ግድግዳ ከቆርቆሮ በጣም ይሻላል። ቤትሽ ውስጥ ቆርቆሮ የሌለበትን ወገን፣ በተለይ መስኮት ያለበትን፣ ፈልጊ። መስታወቱ እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅ ከሆነ እሱም ላዩ ብረት የተቀባ ስለሆነ ያግዳል፤ ከፍተሽ ለኪ። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ግን አታስቀምጪው፣ ይግላል።

ከኮዬ ፈጬ፦ ራውተር ልገዛ ነው። አሮጌ ልግዛ አዲስ? ምን ምን ልይ?

አሮጌም ይሠራል። እኔ የምጠቀምበት የሁዋዌ ቢ311 ነው። ወረቀት ላይ በሰከንድ እስከ 150 ሜጋቢት ያወርዳል ይላል። እኛ ሰፈር ያንን የሚሞላ ኔትወርክ ስለማታገኝ ከዚያ በላይ መክፈል ብዙም አያስፈልግህም። ቲፒ ሊንክና ዜድቲኢም ተመሳሳይ አላቸው። ከጀርባው የአንቴና መሰኪያ ያለው ብታገኝ ምረጠው፣ ኋላ ላይ ይጠቅማል።

ስትገዛ ግን የራስህን ሲም ይዘህ ሂድ። እኔ የመጀመሪያውን የገዛሁት ከውጭ የመጣ ነው ተብዬ ነበር። ቤት ገብቼ ሲሙን ብከተው አልቀበልም አለ። ለአንድ የውጭ ሀገር ኔትወርክ ብቻ ተቆልፎ ነበር። ስመለስ ሻጩ አልቀበልም አለኝ። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ እያለህ ሲምህን ክተት፣ በስልክህ ዋይፋዩን ያዝ፣ አንድ ቪዲዮ አስከፍት። ከዚያ ክፈል። አዳፕተሩ የራሱ መሆኑንም እይ። ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፤ የሌላ ዕቃ ቻርጀር ቢገባለትም ልኩ ካልሆነ ያቃጥለዋል።

ቤት ስትደርስ መጀመሪያ ፓስዋርዱን ቀይር። ሁዋዌ ከሆነ በስልክህ ማሰሻ 192.168.8.1 ብለህ ትገባለህ። የዋይፋዩንም የገጹንም ቀይር። እዚያው ኔትወርክ የሚለው ጋ «4ጂ ብቻ» የሚል ምርጫ ካለ እሱን አድርግ። ካለበለዚያ ሲግናሉ ትንሽ ሲወርድ ወደ 3ጂ ይሸሽና እዚያው ይቀራል።

ከቡራዩ፦ ልጄ፣ እኔ ውጭ ካለችው ልጄ ጋር በቪዲዮ ለማውራት ነው የምፈልገው። የልጅ ልጆቼም ዩቲዩብ ያያሉ። ስንት ጊጋ ይበቃኛል? እያለቀብኝ ተቸገርኩ።

እማማ፣ እንደ ውኃ ይቁጠሩት። ቧንቧው በሰከንድ 1 ሜጋቢት ካፈሰሰ በአንድ ሰዓት 450 ሜጋባይት ይሄዳል። መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ ከዚህ ብዙም አይርቅም። 20 ጊጋ ቢሞሉ ወደ 44 ሰዓት ያህል ይሆናል። በቪዲዮ ሲያወሩ ግን የእርስዎም ምስል ስለሚሄድ በሁለት በኩል ይቆጥራል። ከልጅዎ ጋር በሳምንት ሦስት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቢያወሩ በወር ከ6 ጊጋ አይበልጥም። እርሷን ለማየት አይሳቀቁ።

የሚጨርስብዎ የልጆቹ ዩቲዩብ ነው። ጥራቱን ራሱ ከፍ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ በሰዓት 2 ጊጋ ሊበላ ይችላል። የልጅ ልጅዎን «ጥራቱን 480 ላይ አድርግልኝ» ይበሉት። በስልክ ስክሪን ላይ ልዩነቱን አያዩትም። ቴሌግራም ላይም ቪዲዮና ፋይል በራሱ እንዳያወርድ ያጥፉልዎ። ብዙ ግሩፕ ያለው ሰው ስልኩን ሳይነካው እንኳ ዳታው ያልቃል። ኮምፒውተር ካለ ዊንዶውስ ላይ ዋይፋዩን «ሚተርድ» የሚለው ላይ ያድርጉት፤ አፕዴቱን በአብዛኛው ሳይጠይቅ ማውረድ ያቆማል።

ከኮዬ ፈጬ፦ ቀን ጥሩ ነው። ማታ ሲሆን ግን ሙሉ ሲግናል እያሳየ ምንም አይከፍትም። ራውተሩ ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ታወሩን የምንካፈለው ብዙ ነን። ከሥራ የተመለሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይከፍታል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ አንድ ታወር ሥር ያለው ሰው ብዛት ራስህ ታውቀዋለህ። ሲግናል ማለት ታወሩን ትሰማዋለህ ማለት ነው እንጂ ተራ ይደርስሃል ማለት አይደለም።

የሚደረገው ይህ ነው። ራውተሩን በሌላ አቅጣጫ ወዳለው መስኮት ውሰደውና በዚያው ሰዓት ሞክር። ሲግናሉ ትንሽ ቢቀንስም ብዙ ሰው የሌለበት ሌላ ታወር ሊይዝልህ ይችላል። ራውተሩ ገጽ ላይ ሲንር የሚባል ቁጥር አለ፤ ድምፁ ከጫጫታው ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ ይናገራል። ከ13 በላይ ከሆነ ደህና ነው፣ ከ0 በታች ከወረደ ቦታው መጥፎ ነው። ትልቅ ፋይል ካለህ ንጋት ላይ 11 ሰዓት ተነሥተህ አውርድ። የሌሊት ፓኬጅ ካገኘህማ ዋጋውም ይቀንሳል።

ከሱሉልታ፦ ቤታችን ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ ጋራ ይከልለናል። አንቴና ብገዛ ለውጥ አለው?

ሊኖረው ይችላል፣ ግን መጀመሪያ ስልክህን ይዘህ ጣሪያ ላይ ውጣ። እዚያ ቁጥሩ ከተሻሻለ አንቴናው ይጠቅማል። እዚያም 120 ካለ ገንዘብህን ያዝ። እንጦጦ በመካከል ከገባ በአንቴና አይታለፍም። በእናንተ በኩል ያለ ታወር ነው የሚያስፈልግህ።

ከተሻሻለ ሁለት ገመድ ያለውን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያነጣጥረውን አንቴና ግዛ። ስታስተካክለው አንድ ሰው ቤት ውስጥ ቁጥሩን ይጥራልህ፣ አንተ ትንሽ ትንሽ አዙር። ሰው የሚሳሳተው ገመዱ ላይ ነው። የአንቴናው ቀጭን ገመድ በረዘመ ቁጥር ያገኘኸውን ሲግናል መንገድ ላይ ይበላዋል። ከዚያ ይልቅ ራውተሩን ራሱን ከፍ ያለው ቦታ ላይ፣ ከዝናብ ተከልሎ፣ አስቀምጥና ወደ ታች የኔትወርክ ገመድ ዘርጋ። እሱ እስከ 100 ሜትር ምንም አይቀንስም። ክረምት ላይ መብረቅ ሲበዛ ግን አንቴናውንም ሶኬቱንም ንቀል። ይህን አደራ እላለሁ።

ከገላን፦ መብራት በሄደ ቁጥር ኢንተርኔቱም ይሄዳል። ከቤት ነው የምሠራው።

ለራውተር ጄኔሬተር አያስፈልግም። 12 ቮልት ሚኒ ዩፒኤስ የሚባል፣ ውስጧ ባትሪ ያላት፣ መጽሐፍ የምታክል ዕቃ አለች፤ አዳፕተሩና ራውተሩ መካከል ትገባለች። ረዘም ያለ ከፈለጋችሁ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ራውተሩ 8 ዋት ቢበላ 10 ሰዓት ይመስላል፣ ግን እንዲህ ዓይነቱ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ቶሎ ስለሚሞት 5 ሰዓት ብላችሁ ያዙ። ታወሩም የራሱ ባትሪ አለው። መብራቱ ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ እሱም ሊደክም ይችላል፤ ለዚያ ቀን የሌላኛው ድርጅት ሲም ስልካችሁ ውስጥ ይኑር።

ከለቡ፦ የግቢ ካሜራ ላገናኝበት ነበር። ከውጭ ሆኜ ማየት አልቻልኩም።

ጋሼ፣ የሞባይል ኔትወርክ በአብዛኛው አንድን የኢንተርኔት አድራሻ ለብዙ ደንበኛ ነው የሚያካፍለው። ስለዚህ ከውጭ በቀጥታ ወደ ቤትዎ መግባት አይቻልም። በራሱ አፕ በኩል የሚሠራ ካሜራ ከሆነ ግን ይታያል። ቀን ከሌት እንዳይልክ ያድርጉት። በሰከንድ 1 ሜጋቢት ሳያቋርጥ ከላከ በቀን ወደ 11 ጊጋ ነው። ቀረጻው ካሜራው ውስጥ ባለው ሚሞሪ ላይ ይቀመጥ፣ ኢንተርኔቱ እርስዎ ሲከፍቱት ብቻ ይሥራ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ሦስት ጎረቤት ሆነን አንድ ራውተር ብንጋራስ?

እኛም ከፎቁ ጋር ጀምረነው ነበር። በቴክኒክ ይሠራል፣ ዋይፋዩ ግድግዳ አንድ ሁለት ያልፋል። ግን ሲሙ በአንድ ሰው ስም ነው፣ በእሱ የሚደረገው ሁሉ በዚያ ሰው ስም ይቆጠራል። ፓኬጁ በ12ኛው ቀን ሲያልቅም ማን እንደጨረሰው መጠያየቅ ይመጣል። እኛ ጋ የመጣው እሱ ነው። ራውተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ስልክ የበላውን የሚያሳይ ገጽ ከሌለ አትጀምሩት። ካለ ግን በየሳምንቱ እሁድ አብራችሁ እያያችሁ፣ ሒሳቡን በየድርሻው ብትከፍሉ ጥሩ ነው። እኛ አሁን እንደዚያ ነው የምናደርገው፣ ሁለት ቤት ሆነን።