ፋብሪካው «ላይብረሪያችሁን ልርዳ» ቢል ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከኮምቦልቻ አለፍ ብላ ካለች ትንሽ ከተማ ነው የምጽፈው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን አለ ከማለት የለም ማለት ይቀላል። ጣሪያው ያፈሳል፣ አዲስ መጽሐፍ ከገባ ስንት ዘመኑ! አሁን አንድ ፋብሪካ «አድሳለሁ፣ መጽሐፍም በካርቶን በካርቶን አመጣለሁ፣ በሩ ላይ ግን ስሜ ይጻፍልኝ» ብሎናል። ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «የሕዝብ ሀብት ለነጋዴ አይሸጥም» ይላል፣ ግማሹ «የመጣ ሲሳይ አይመለስም» ባይ ነው። እናንተስ?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ስሙ ይጻፍለት። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቀለሙ ተቀብቶ፣ ሪባኑ ተቆርጦ፣ ፎቶው ተነስቶ እንግዶቹ ሲሄዱ በሩን ማን ይከፍተዋል? ደመወዙንስ ማን ይከፍላል?

አንድሩ ካርኒጊ የሚባል የአሜሪካ የብረት ከበርቴ ነበር። በእሱ ገንዘብ በዓለም ዙሪያ 2,509 ቤተ መጻሕፍት ተሠርተዋል። ገንዘቡን ግን ዝም ብሎ አይበትንም ነበር፤ ከተማው መሬቱን ይስጥ፣ ከዚያም ሕንፃው ከፈጀው ገንዘብ 10 በመቶውን በየዓመቱ ለሠራተኛ፣ ለመጽሐፍና ለጥገና ይመድብ ይል ነበር። እሺ ያላለ ከተማ አያገኝም። በነገራችን ላይ ኮሚቴያችሁ የገባበት ክርክር ያኔም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 ሆምስቴድ ባለው ፋብሪካው አድማ ተነስቶ ሰው ሞቷል፤ «የእሱን ገንዘብ አንነካም» ያሉም ነበሩ።

እናንተም ውሉን ከዚሁ ጀምሩት። ጣሪያው ይጠገን፣ ጥሩ ነው። ግን ማዘጋጃ ቤቱ፣ ፋብሪካውና ኮሚቴው ተቀምጠው ቢያንስ የአምስት ዓመት ይፈራረሙ። የሠራተኛው ደመወዝ በከተማው በጀት ይያዝ፣ ፋብሪካው በየዓመቱ አዲስ መጽሐፍ ይግዛ፣ የቅዳሜና የእሁድ የትርፍ ሰዓቱንም እሱ ይቻል። ይህን ካልፈረመ ስሙን በሩ ላይ ለማውጣት አትቸኩሉ።

የትርፍ ሰዓቱን ነገር ያለ ምክንያት አላነሳሁም። ብዙ ቦታ ላይብረሪ የሚሠራው በቢሮ ሰዓት ነው። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ 6፡30 ከክፍል ሲወጣ ላይብረሪውም 6፡30 ለምሳ ይዘጋል። ልጁ ደጁ ላይ ትንሽ ቆሞ፣ ሰልችቶት፣ ወደ ኳሱ ይሄዳል። አመሻሽ ላይ፣ ወላጅ ከሥራ ሲወጣ፣ ቁልፉ ተቆልፏል። ቅዳሜማ አይነሳ! የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ወንበር ጠፍቶ ይታያል፤ ተማሪው የራሱን ደብተር ይዞ ለመብራቱና ለጸጥታው ነው የሚመጣው። እና እኔን ብትጠይቀኝ፣ ከአንድ ካርቶን መጽሐፍ ይልቅ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት የተከፈተ በር እመርጣለሁ።

ስለ ካርቶኑ ካነሳን፣ እባካችሁ ሳታዩት አትቀበሉ። የተጣለ የውጭ አገር የአካውንቲንግ መጽሐፍ፣ ዘመኑ ያለፈበት የኮምፒውተር መማሪያ፣ እንዲህ ያለው መደርደሪያ ይሞላል እንጂ አንባቢ አያመጣም። ዝርዝሩን እናንተ ስጧቸው፣ ትንንሾቹን ልጆችም አስቀድሙ። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ፊደሉ ጎላ ያለ፣ ሥዕል ያለው ቀጭን የአማርኛ መጽሐፍ ነው። ከተማችሁ ወደ ባቲ ወይም ወደ ከሚሴ ከተጠጋች የኦሮምኛውም ይግባ። እናቶቻችንን አስታውሱ፤ በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስንቶቹ ፊደል ቆጥረው፣ የሚያነቡት አጥተው መልሰው ረሱት!

ጥያቄ፦ ደሴ ላይ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ፋብሪካ የለኝ፣ እኔስ ምን ላድርግ? ከግብሩስ ይታሰብልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ትንሽ ነኝ ብለሽ አትተይው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሀዋሳ ላይ ለልጆች መጽሐፍ ያዞር የነበረው አህያ በሚጎትተው ጋሪ ነው። አቅራቢያሽ ያለውን ላይብረሪ ሠራተኛ ሄደሽ «ልጆች ጠይቀውሽ የሌለሽ መጽሐፍ የቱ ነው?» በያት። እሷ ታውቀዋለች። ከጎረቤት ባለሱቆች ጋር አዋጥታችሁ እሱን ግዙ፤ በየወሩ አንድም ቢሆን።

ግብሩን በተመለከተ፣ በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ እንዲያዝ ይፈቅዳል። ለሠራተኛዋ በእጅ ያቀበልሽው ግን በዚህ አይገባም። አዋጁ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፣ ስለዚህ ከመስጠትሽ በፊት ገቢዎች ጎራ ብለሽ ጠይቂ፣ ስትሰጪም ደረሰኝ ተቀበይ።